የተጣመመ የትራክቶሮን ሻንሲ እንዴት ይቃናል?

ካርሜ ጋት ከኪርያት ጋት በስተሰሜን የተሠራ አዲስ ሰፈር ነው። የመጨረሻዎቹን ሕንጻዎች ስታልፉ እርሻው ይጀምራል፤ በ35 ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ደግሞ የቤት ጉቭሪንና የላኪሽ ኮረብታዎች ይመጣሉ። ለትራክቶሮን የሚመች አገር ነው። ችግሩ ያለው ከሣሩ ሥር ነው። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሣሩ ሲያድግ ድንጋዩን ይሸፍነዋል፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይም አይታይም። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው እንኳ በግራው የፊት ጎማ የተደበቀ ድንጋይ ይመታል። ጎማው ምቱን ለብራቾው ያስተላልፋል፣ ብራቾው ደግሞ ለሻንሲው። ሹፌሩ ደህና ነው፣ ጎማውም አልፈነዳም፤ በማግስቱ ግን መሪው ወደ አንድ ጎን ካልተያዘ ትራክቶሮኑ ቀጥ ብሎ አልሄድ ይላል።

ይህ መመሪያ ለዚያ ማግስት የተጻፈ ነው። የሚመለከተውም ከብረት ቱቦ የተሠራ፣ በአንድ በኩል ተመትቶ በመጠኑ የተጣመመ ሻንሲ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ከዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል መለካት ነው። ክሪክና ሰንሰለት ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ብረቱ ከነበረበት ቦታ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ወደ የት እንደሄደ ሳያውቅ መሳብ የሚጀምርም እንዲሁ ብዙ ነው። ከአደጋው የተረፈ ሻንሲ በጥገናው የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

በእርግጥ የተጣመመው ሻንሲው ነው?

ከምት በኋላ ቀድሞ የሚታጠፈው ብዙ ጊዜ ብራቾው (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ወይም የመሪው ዘንግ ነው። እነዚህ ተፈትተው የሚለወጡ ዕቃዎች ስለሆኑ ሻንሲውን ከመንካታችሁ በፊት እነርሱን አጣሩ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት። በግራ በኩል ከፊተኛው ጎማ መሐል እስከ ኋለኛው ጎማ መሐል ለኩ፤ በቀኝም እንዲሁ። ልኮቹ ከተለያዩ አንድ ነገር ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። የሁለቱን ጎን የታችኛ ብራቾዎች ፍቱና አንዱን ገልብጣችሁ በሌላው ላይ አስተኙት። በብዙ ሞዴሎች ግራና ቀኙ አንድ ልክ ስለሆኑ ቀዳዳዎቹ መግጠም አለባቸው። የማይገጥም ካለ የተጣመመውን ለዩና በአዲስ ለውጡት። ብራቾን ማቃናት አልመክርም፤ ጎማ የሚሸከም ዕቃ ታጥፎ ከተመለሰ በኋላ በሙሉ ፍጥነት ሰው ሊቀመጥበት አይገባም።

ደህና የሆነ ብራቾ ገብቶም ልዩነቱ ካልጠፋ፣ ወይም ቡሎኑ በመዶሻ ካልተመታ አልገባም ካለ፣ ጉዳቱ ከሻንሲው ነው። ሌላም ማረጋገጫ አለ። በቀዳዳው ልክ የሆነ ቀጥ ያለ ክብ የብረት ዘንግ ውሰዱና አንዱን ብራቾ በሚይዙት በፊተኛውና በኋለኛው ጆሮዎች ውስጥ አሳልፉት። ደህናው ጎን ላይ ዘንጉ በሁለት ጣት እየተገፋ ያልፋል። በተጎዳው ጎን መጀመሪያውን ጆሮ አልፎ ሁለተኛው ላይ ከተገተረ፣ ጫፉ ከቀዳዳው በየት በኩል እንደወጣ እዩ፤ ብረቱ የሄደበትን አቅጣጫ ያሳያችኋል።

የማይቃናውን ቀድሞ መለየት

ማግኔት አስጠጉ። ካልያዘ ብረት አይደለም፤ አንዳንድ የእሽቅድድም ትራክቶሮኖች ሻንሲ በከፊል አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ታጥፎ ሲመለስ በቀላሉ ይሰነጠቃልና እዚህ የተጻፈው ለእርሱ አይሠራም።

ከያዘ ስንጥቅ ፈልጉ። በተመታው በኩል ያሉትን ብየዳዎች በሽቦ ብሩሽ እስኪያበሩ ድረስ አጽዱ። ጨርቅ ነጭ ጋዝ ውስጥ ንከሩና ብየዳውን አሹት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥርታችሁ ጥረጉና ጠመኔ ፈጭታችሁ አልብሱት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ይወጣል፤ በነጩ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነች ጠቆር ያለች መስመር ትታያለች። በዓይን ብቻ ቢታይ ጭረት ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር በዚህ መንገድ ይጋለጣል። ይህን ስትሠሩ እሳትም ሲጋራም አጠገባችሁ አይኑር።

ሻንሲውን ለመሳብ ከማሰብ የሚከለክሉ ጉዳቶች አሉ። አንደኛው የቱቦው ግድግዳ ተጨራምቶ ሹል ጠርዝ ሲያወጣ ነው፤ ለስላሳ ጉብጠት ይቃናል፣ የተጨራመተ ቱቦ ግን ቢጎተትም ያ ቦታ ደካማ ሆኖ ይቀራል። የብራቾው ጆሮ ከቱቦው የተበየደበት ቦታ ከተሰነጠቀም እንዲሁ ነው። ዝገት ከውስጥ የበላው ቱቦ ደግሞ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ሲደረግ ከሌላው የተለየ የፈዘዘ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ይሰረጉዳል። ተገልብጦ ሙሉ በሙሉ የተጠማዘዘ ሻንሲም በቤት መሣሪያ አይሆንም። በእነዚህ ሁሉ ወይ ሻንሲው ይለወጣል፣ ወይ የማቃኛ አልጋ ወዳለው ሙሳክ (ጋራዥ) ይሄዳል።

ቦታና ዝግጅት

በካርሜ ጋት ሕንጻዎች የምትኖሩ፣ ይህን ሥራ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ አትጀምሩ። የቤንዚን ትነት ወደ ታች ይተኛል፣ ብልጭታ ደግሞ አይቀርም። ከዚህም ሌላ የመኪና ማቆሚያ ወለል ውሃ እንዲወርድበት ስለሚያዘነብል የምትወስዱት ልክ አይታመንም። የኢንዱስትሪ ሰፈር ያለ የወዳጅ ወርክሾፕ፣ ወይም እርሻ ላይ ያለ ሲሚንቶ ወለል መጋዘን ይሻላል።

ቤንዚኑን ቅዱ፣ ታንከሩን አውርዳችሁ ከቤት ውጭ አስቀምጡ። ባትሪውን ንቀሉ። ፕላስቲኩን፣ ፓራፋንጎዎቹን፣ መቀመጫውን፣ ራዲያተሩን አንሡ። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው። ጉዳቱ ሞተሩ ወዳረፈበት ቦታ ከደረሰ ሞተሩ ይውረድ፤ ካልደረሰም ቢሆን የሞተሩን ማሰሪያ ቡሎኖች አላሉ። ሻንሲው ሲሳብ ሞተሩ ጠብቆ ከተያዘ ጉልበቱ ወደ ሞተሩ የአሉሚኒየም አካል ይሄዳል፤ የዚያ ጆሮ ከተሰበረ ከሻንሲው የባሰ ወጪ ይመጣል።

ቱምቢ፣ ውሃ ልክና ጠመኔ

የግንበኛ መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። የተራቆተውን ሻንሲ በአራት ጠንካራ መቆሚያዎች ላይ አሳርፉት። ያልተጎዳውን የኋላ ክፍል በውሃ ልክ ወደ ጎንም ወደ ርዝመትም ቀጥ አድርጉት፣ ከዚያ በኋላ እንዳይነቃነቅ እሰሩት። ፊቱን አታስተካክሉ፤ ማየት የምትፈልጉት የእርሱን ጠማማነት ነው።

ከእያንዳንዱ ቀዳዳ መሐል ቱምቢ ጣሉና ጫፉ የነካበትን ወለል በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ብላችሁ ጻፉበት። ቢያንስ ሁለት ጥንድ ቀዳዳዎች ከደህናው የኋላ ክፍል፣ ሁለት ጥንድ ደግሞ ከፊት ያስፈልጋሉ። የእያንዳንዱን የኋላ ጥንድ መሐል ፈልጉ፣ በሁለቱ መሐሎች ላይ ክር ወጥራችሁ እስከ ፊት ድረስ ረጅም መስመር አስምሩ። ይህ የትራክቶሮኑ መሐል መስመር ነው፤ ሁሉም ነገር ከእርሱ ይለካል። ከኋለኛው ጥንድም ግራና ቀኙን የሚያገናኝ አንድ የጎን መስመር አስምሩ።

አሁን ለእያንዳንዱ የፊት ነጥብ ሦስት ልክ ውሰዱ፦ ከመሐል መስመሩ፣ ከኋላው የጎን መስመር፣ እንዲሁም ከወለሉ እስከ ቀዳዳው ያለውን ከፍታ። ለምሳሌ የቀኙ የታችኛ ጆሮ ከመሐል 182፣ ከኋላ 1,040 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የግራው 171 እና 1,031 ቢሆን፣ ከፍታቸውም እኩል ከሆነ፣ የግራው ጆሮ 11 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ 9 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄደም። እንግዲህ የሚሳበው ወደ ፊትና ወደ ውጭ እንጂ ወደ ላይ አይደለም። ይህን ሳይለኩ በዓይን የገመቱ ሰዎች ወደ ላይ ስበው ሁለተኛ ጠማማ ይጨምራሉ።

በመጨረሻ ሰያፉን ለኩ፦ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ። ሰያፍ ማረጋገጫ ነው፤ ልዩነት መኖሩን ይናገራል፣ የትኛው ጥግ እንደሄደ ግን ብቻውን አይናገርም። ሁሉንም በወረቀት ጻፉ፣ ወለሉን አትጥረጉ።

መሳብ

ደንቡ ብረቱ በመጣበት መንገድ መመለስ ነው፦ ምቱ ከፊት ወደ ኋላና ወደ ውስጥ ከሆነ ስበቱ በዚያው መስመር ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሆናል። ለዚህ ከሻንሲው የጠነከረ መሠረት ያስፈልጋል። ወፍራም የኤች ቅርጽ ብረት ወለል ላይ አስተኙና ሻንሲውን ከእርሱ ጋር እሰሩ። የቤት ምሰሶ፣ ዛፍ ወይም የቆመ መኪና መሠረት አይሆንም። ማሰሪያው ከጉብጠቱ በስተኋላ፣ ደህና ብረት ላይ፣ ለጉብጠቱ በተቻለ መጠን ቀርቦ ይሁን፤ ከራቀ ጉልበቱ ደህናውን ክፍል ያጣምማል። ሰንሰለት ቱቦውን በቀጥታ እንዳይነክስ ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ጠንካራ እንጨት ከሥሩ አድርጉ።

ጆሮዎቹን ባዶ አትሳቡ፤ ይጨፈለቃሉ። በብራቾው ውፍረት የተቆረጠ ብረት በጆሮዎቹ መካከል አስገቡና በቡሎን አጥብቁ፣ ስበቱን ከዚህ የውሸት ብራቾ ጋር አያይዙ። ለመሳቢያ እኔ የምመርጠው 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርሳም ዘንግ ከዳዶ ጋር ነው፤ ዘንጉ ጥንካሬው 8.8 የተጻፈበት ይሁን። የዚህ ዘንግ ጥርስ ርቀት በተለመደው አሠራር 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዳዶው አንድ ዙር ሲዞር ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ግማሽ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱን ግራሶ ቀቡት። ክሪክ ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ግን ምን ያህል እንደሄደ አይነግራችሁም፣ ሰንሰለት ደግሞ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። ሰንሰለት መጠቀም ግድ ከሆነ ለማንሻ የተሠራውን ውሰዱ፣ ከባድ ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ በመስመሩ ላይ ማንም አይቁም።

በሁለቱ የታችኛ ቱቦዎች መካከል ክሪክ አስገብቶ መግፋት ቀላል መስሎ ይታያል። ክሪኩ ግን ጠማማውን ብቻ ሳይሆን ደህናውንም ይገፋል። በዚህ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ደህናውን ቱቦ ከውጭ በኩል ከመሠረቱ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ክሪኩ የሚያርፍበትንም ቦታ ረዘም ባለ ወፍራም ላሜራ አስፉት።

ብረት ሲሳብ መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ከተወሰነ ነጥብ ሲያልፍ ብቻ ጥቂቱ ይቀራል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ስባችሁ ልቀቁ፤ ምናልባት ምንም አልቀረም። እንደገና 5 ስባችሁ ልቀቁ፣ ለኩ፤ ምናልባት 1 ቀርቷል። ስንት እንደተሳበና ስንት እንደቀረ በሁለት ዓምድ ጻፉ። ሦስትና አራት ጊዜ ስትጽፉ የሻንሲውን ጠባይ ታውቃላችሁ፦ የሚመለሰው መጠን ብዙም አይለዋወጥም፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ስበት በ2 ሚሊ ሜትር እየጨመራችሁ ትደርሱበታላችሁ። ዘንጉ እንደተወጠረ በጉብጠቱ ዙሪያ ያለውን ብረት በእንጨት ላይ በአንድ ኪሎ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ውስጡ የታመቀው ውጥረት ይላላል፣ ሲለቀቅ የሚመለሰውም ያንሳል።

አሳልፋችሁ አትሳቡ። ብረት ወዲያና ወዲህ በታጠፈ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳልና በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት ከቀረ አቁሙ፤ ያንን የጎማው ማስተካከያ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ የፈተሻችሁበት ክብ ዘንግ በሁለቱ ጆሮዎች ውስጥ በሁለት ጣት ማለፉን ማረጋገጥ ግን አትዝለሉ።

እሳት

ቱቦውን ሳታሞቁ አቃኑ። እሳት ሥራውን ያፈጥናል፣ ግን ቱቦው ቀጭን ስለሆነ በሞቀበት ቦታ ይጨራመታል፣ ከጠንካራ ቅይጥ ብረት የተሠራ ከሆነም ጥንካሬውን ያጣል። እሳት የምፈቅደው ለወፍራም ተራ ብረት ጆሮ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ነበልባሉ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፣ ብረቱ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን፣ ማለትም 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ጠብቁ። ሰማያዊ ቀለም ሲይዝ፣ 300 ዲግሪ ገደማ፣ ፈጽሞ አትጠፉት፤ ብረት በዚያ ሙቀት ይሰባበራል። ከሥራው በኋላ ውሃ አትርጩበት፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። በቀጥታ ፀሐይ ደብዘዝ ያለው ቀይ አይታይም፤ ታየኝ ስትሉ አልፎታል። ጥላ ውስጥ ሥሩ።

ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ከዓይን የሚያውቁ ሰዎች በኪርያት ጋት አሉ። በጎንደር አካባቢ ብረት መቀጥቀጥ የቤተ እስራኤል ወንዶች የታወቀ ሙያ ነበር፤ የጎረቤት ገበሬ ማረሻና ማጭድ ከእነርሱ ወናፍና መስፍ ይወጣ ነበር። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ እስራኤላውያን ማረሻቸውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርዱ እንደነበር ይናገራል፣ ጋት ደግሞ ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ ነበረች። ዛሬ ስሟን በያዘችው ከተማ ውስጥ የብረትን ቀለም ማንበብ የሚችል አባት በሰፈራችሁ ካለ፣ እሳቱን ከመለኮሳችሁ በፊት ሄዳችሁ «አባባ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» በሉ። ይህ እውቀት ሳይጠየቅ እየቀረ ነው፤ በጣም ያሳስበኛል።

ብየዳ ካስፈለገ

ትንሽ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ከመበየዱ በፊት በስንጥቁ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል፣ አለበለዚያ ከብየዳው ሥር መሄዱን ይቀጥላል። የተጨራመተ ቱቦ ደግሞ ሙሳክ ውስጥ በባለሙያ ተቆርጦ፣ ውስጡ ልኩ የሆነ ሌላ ቱቦ ገብቶለት ይበየዳል። በያጁ የታወቀ ሰው ይሁን። ብየዳው የት እንደሚያርፍ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የምድር ሽቦው መቆንጠጫ ከብየዳው አጠገብ ይያያዝ፤ ኤሌክትሪኩ ኩሽኔታ አቋርጦ እንዲያልፍ አታድርጉ። ባትሪው ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ኮምፒዩተርም ይነቀል። አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር፦ ብየዳ የሚደርስበትን ብረት ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ አታጽዱ። የብየዳው ሙቀት ያንን ፈሳሽ ፎስጂን ወደተባለ ገዳይ ጋዝ ይለውጠዋል።

የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ቦታ አትሞርዱ፣ አትቁረጡ፣ አትበይዱበት። ትራክቶሮኑ ታርጋ ያለውና መንገድ ላይ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ፈቃድ ያለው ሙሳክ ይየው፣ ለኢንሹራንሱም አሳውቁ። ስትሸጡት ሻንሲው መቃናቱን ለገዢው ንገሩ፤ እርሱም ልጁን ሊያስቀምጥበት ይችላል።

መልሶ መግጠም

የተራቆተውን ብረት ያንኑ ቀን ጸረ ዝገት ቀቡ። የብራቾዎቹን ቦኮላዎች እዩ፤ በምቱ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይጎዳሉ። ቡሎኖቹን በአዲስ ለውጡ፣ በፋብሪካው መመሪያ በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ በመሪው ዘንጎች አስተካክሉ፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ከፊትና ከኋላ ያለው ስፋት ምን ያህል መሆን እንዳለበት የፋብሪካው መመሪያ ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በሁለቱም ጎን ከፊተኛው ጎማ መሐል እስከ ኋለኛው ጎማ መሐል ለክታችሁ ጻፉ።

የመጀመሪያውን ንዳት ሄልሜት አድርጋችሁ፣ ሜዳ ላይ፣ በቀስታ ንዱ። መሪውን ለቀቅ ስታደርጉት ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ ፍሬን ስትይዙም ወደ ጎን ካልሳበ፣ አንድ ሳምንት ቀለል ባለ መንገድ ተጠቀሙበት። ከዚያ በተቃናው ቦታ ያለውን ቀለም በባትሪ ብርሃን መርምሩ፤ ቀለሙ ተሰንጥቆ ወይም የዝገት መስመር ወጥቶ ከሆነ ከሥሩ ያለው ብረት እየተንቀሳቀሰ ነው። ቡሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ፣ ትራክቶሮኑን ወደ ወለሉ መልሱና ከጎማ መሐል እስከ ጎማ መሐል እንደገና ለኩ። ከጥገናው ቀን ልክ ጋር እኩል ከሆነ ወደ ላኪሽ መንገድ ይመለስ። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከሸሸ ግን ዳግም አትሳቡት፤ ሻንሲው ይለወጥ።